ሽማግሌ የለበትም የተባለው ሰፈር

በሩን ያንኳኳችው ሴት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሰማያዊ ሰደርያ ለብሳ ፋይል አቅፋለች። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጌጃ ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው ብርቅ ነው፤ የሚያውቀን ሁሉ «ቤቶች!» እያለ ይገባል እንጂ አያንኳኳም። ስለዚህ ገና ሳልከፍት ተጠራጠርኩ።

ያን ሰሞን የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ስለ መነሣት ነበር። እነ እገሌ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ እነ እገሌ ጋ ሜትር ይዘው መጡ ይባላል። ከኛ ከፍ ብሎ ያለው መንደር ከፈረሰ ወዲህ ወረቀት የያዘ እንግዳ ሲመጣ በየበሩ ላይ ያለው ሰው ጨዋታውን ያቆማል። በዚያው ዕለት ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ ሳለሁ አንዲት ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሽማግሌ ያለበትን ቤት እየቆጠሩ ነው አሉ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ከከተማ ውጪ መጦሪያ ያስገቧቸዋል፣ ከዚያ ቤቱ ባዶ ነው ይላሉ» አለችኝ። ከየት እንደሰማችው አልጠየቅኳትም። ዳቦዬን ይዤ በጥድፊያ ተመለስኩ።

ከሌላው ሰው የባስኩ ተጠራጣሪ የሆንኩት በሥራዬ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አንድ ስም አንዴ ፋይል ከገባ ባለቤቱ ሳያውቅ ስንት ጠረጴዛ እንደሚዞር አይቻለሁ። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ፊርማ ለሌላ ጉዳይ ሲመዘዝም አይቻለሁ።

እናቴ ያኔ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በርበሬና ቅመም እየቸረቸረች ነው ያሳደገችኝ። ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ መርሳት ጀምራ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

«እማዬ፣ ነይ እዚህ ቁጭ በይ፤ ድምፅ እንዳታሰሚ» ብዬ አልጋዋን ከሚጋርደው መጋረጃ ኋላ አስቀመጥኳት።

«ማነው የመጣው?»

«ማንም አይደለም። ዝም በይ።»

በሩን ገርበብ አድርጌ መሐሉ ላይ ቆምኩ። ሴትየዋ ሰላምታ ሰጥታኝ ከአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር እንደመጣች፣ በከተማው ውስጥ አረጋውያን የት የት እንደሚኖሩ እየመዘገቡ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ለምንድነው የምትመዘግቡት?»

«የአረጋውያን የቀን መዋያ ልንከፍት ነው። ጠዋት መጥተው፣ ምሳ በልተው፣ ሐኪም አይቷቸው ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት። ቦታው ብዙ ሰው ካለበት እንዳይርቅ ነው የምንቆጥረው።»

«የት ነው የሚከፈተው?»

«እሱ ገና አልተወሰነም።»

«ታዲያ ስምና የቤት ቁጥር ምን ያደርግላችኋል?»

ትንሽ አመነታች። «ቅጹ ላይ አለ» አለች።

ቅጹ ላይ አለ! እኔም ባለጉዳይ ሲጨቀጭቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። «እዚህ ቤት ሽማግሌ የለም» አልኳት። «እናቴ ክፍለ ሀገር ናት። እዚያው ነው የምትኖረው።»

ይሄን ብዬ ሳልጨርስ ከመጋረጃው ኋላ ሳል ተሰማ። ያውም ረጅም፣ ደረትን የሚፍቅ፣ የአሮጊት ሳል። ሴትየዋ መጋረጃውን አየች፤ በሩ ሥር የተደገፈውን ከዘራ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። የሆነ ነገር ጻፈችና አመስግናኝ ወደሚቀጥለው በር ሄደች። እዚያም «የለም» ሲሏት ሰማሁ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቤት ዘጠና የተጠጉ አባት አሉ፤ ልጃቸው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «አባቴ ካረፉ ቆዩ» አላት። አባትየው ጓሮ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

በሩን ስዘጋ እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ታየኛለች። «ምን ሰርቄ ነው የምትደብቂኝ?» አለችኝ። 

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከበዱኝ። እናቴ ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥታ መንገድ ጠፍቷት ሰው አመጣልኝ። አንዴ የተገኘችው ዱሮ ቅመም ትሸጥበት በነበረው ቦታ ላይ ነው፤ ሱቁ ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲያ ሥራ ስሄድ በሩን ከውጭ መቆለፍ ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ምሳ ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ በእግሬ እየሮጥኩ መጥቼ አበላታለሁ፤ እንደገና ቆልፌ እመለሳለሁ። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት የሚሰማኝን ስሜት እስከ ዛሬ አልወደውም።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ስልኬ ጠራ። ደዋዩ ከኛ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ስለደከመ ስልክ የሚደውሉት አንድ በአንድ ቁጥሩን እየዳሰሱ ነው።

«ልጄ፣ ነይ» አሉኝ። «አትደንግጪ፣ ግን ነይ።»

ስደርስ ቁልፉ ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቋል። እናቴ ሻይ ልታፈላ የጋዙን ምድጃ ለኩሳ ረስታዋለች፤ ማንቆርቆሪያው ተቃጥሎ፣ አጠገቡ የነበረው ፎጣ ተያይዞ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሰውዬው ጭሱን ሲያሸቱ ጠሯት፤ ውስጥ ሆና በሩን ስትደበድብ ሰሙ። አጠገባችን ካለው የብረታ ብረት ሠራተኞች ቤት መዶሻ ተውሰው ነው የሰበሩት። እናቴ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ውኃ ትጠጣለች፤ እጇ በርን በመደብደብ ቆስሏል።

ልብስ ሰፊው ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው ነው ወይስ ዕቃ፣ የምትቆልፊባት?» አሉኝ።

ያን ቀን አለቀስኩ። የዚያን ሳምንት እሑድ የዕድራችን ሰብሳቢ ከስብሰባ በኋላ ጠርተውኝ፣ ያ የተባለው የቀን መዋያ እንደተከፈተ ነገሩኝ። «እውነት ኖሯል» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እኛ ያላመነው ነገር ሁሉ ውሸት አይደለም ለካ።» የት እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ከከተማው ዳር፣ አዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ጋ ነው። ከኛ ሁለት ታክሲና አንድ ባጃጅ።

ለማየት ብዬ የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። እናቴን «የምትውይበት ቦታ ልናይ ነው» አልኳት።  የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥላ ወጣች።

ሁለት ሰዓት ላይ ነው የተነሣነው። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፉ ጠመዝማዛ ነበር፤ ሰው እናቴን ሲያይ «እማማ፣ ወደፊት ይለፉ» እያለ አሳለፈን። ሚኒባሱ ላይ ለመውጣት ግን እግሯ አልነሣ አላት። ረዳቱ በብብቷ ሥር ይዞ አነሣት፤ ሾፌሩ «ቶሎ፣ ትራፊክ አለ!» እያለ ይጮሃል። ሁለተኛው ታክሲ ላይ ቦታ አጥተን ሦስት መኪና አሳለፍን። መንገድ ላይ ሽንት ቤት ፈለገች፤ አንድ ካፌ ለምኜ አስገባኋት። ባጃጁ ሲያደርሰን አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። እናቴ ፊቷ አመድ መስሏል።

ቦታው ግን ያምራል። ንጹሕ ነው፤ አልጋ አለው፣ ነርስ አለው፣ በረንዳው ላይ ተደርድረው የቆሙ ፕላስቲክ ወንበሮች አሉት። ወንበሮቹ አርባ ያህል ናቸው፤ የተቀመጡት ሰዎች ሰባት። ሌሎቹ የት እንዳሉ ነርሷን ጠየቅኳት።

«እዚህ አካባቢ ብዙ አረጋውያን ተመዝግበዋል» አለችኝ። «ግን ብዙዎቹ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ሊፍት የለም። የሚያወርዳቸው ሲያገኙ ነው የሚመጡት።»

ግድግዳው ላይ የከተማው ካርታ ተለጥፏል። አረጋውያን በተቆጠሩበት ሁሉ ቀይ ነጥብ አለ፤ ኮንዶሚኒየሞቹ ጋ ነጥቡ እንደ ኩፍኝ ወጥቷል። ክፍለ ከተማችንን ልደታን ፈለግኩ። ሰፈራችንን አገኘሁ። ነጭ ነው። በጣት የሚቆጠሩ ነጥቦች ዳር ዳሩን ብቻ አሉ፤ እኛ ያለንበት መሐሉ አንድም የለበትም። ካርታውን ያየ እንግዳ ጌጃ ሰፈር የሚያረጅ ሰው የለም ይላል።

ዘወር ስል ነርሷ የእናቴን ቦርሳ ልትቀበላት እጇን ዘርግታለች፤ እናቴ ደግሞ ቦርሳውን ወደ ደረቷ አጥብቃ ይዛለች። ዚፑ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል። ቅያሪ ቀሚስ፣ የጸሎት መጽሐፏ፣ የአባቴ ፎቶ።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

«ልትተይኝ አይደል የመጣሽው?» አለች፣ ሳትቆጣ። «ልጅ የሌለው ነው መጦሪያ የሚገባ ብዬ ነበር። እኔ ልጅ አለኝ ብዬ ነበር።»

መሬት ተንበርክኬ «ማታ አብረን ነው የምንመለሰው» ብዬ ማልኩላት። አላመነችኝም። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም፤ ምሳውንም አልነካችው። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት አቃታት፤ መንገዱ ሰብሯታል። ያ ቦታ ለሷ ቢኖርም እንደሌለ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ጥርጣሬዬ መልኩን ለወጠ። መጀመሪያውኑ ቦታው ተወስኖ ኖሮ ቆጠራው ለይስሙላ ቢሆንስ? እኛን «አልነበራችሁም» ለማለት ቢሆንስ? ይህን እያብላላሁ የማኅበሩን ቢሮ አፈላልጌ አገኘሁት። ሜክሲኮ፣ ከመሥሪያ ቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሕንፃ ላይ ነው። የተቀበለችኝ ያችው ሴት ነበረች። ወዲያው አወቀችኝ።

«እናትዎ ከክፍለ ሀገር ተመለሱ?» አለችኝ።

ውሸቴን አልረሳችውም። ግን ልጣላ ነበርና የመጣሁት፣ «ሳሏን ሰምተሻል» አልኳት። «ከዘራዋንም አይተሻል። ለምን አልጻፍሽም?»

«የነገሩኝን ነው የምጽፈው። እርስዎ የለችም ብለውኝ እኔ አለች ብዬ ብጽፍ፣ ያን ጊዜ ነው ልጠረጠር የሚገባኝ።»

 ፋይሉን አውጥታ የሰፈራችንን ቅጾች አንድ በአንድ አሳየችኝ። የለም። የለም። የለም። «አርፈዋል» የሚልም አለ።

«እኔም ለአለቆቼ ጽፌላቸው ነበር» አለች። «እዚህ ሰፈር ሰው ፈርቷል፣ ቁጥሩ ትክክል አይደለም ብዬ። ግን በግምት ቤት አይከፈትም አሉኝ። እርስዎ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሆነው እንደገና ቢያስቆጥሩ ግን ሁለተኛ ቦታ የመክፈት ሐሳብ አለ።»

«ስምና ቤት ቁጥር ሳይጻፍ ይሆናል?»

አሰበች። «ለካርታው የሚያስፈልገው ነጥብ ነው። ስም አያስፈልግም።»

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን ጠየቃችሁ?»

«እኔም ጠይቄ ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።  የመጀመሪያው ዝርዝር ማን ማን እጅ እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚነግረኝም አላገኘሁም።

ባዶ ቅጾቹን ተቀብዬ የቅዳሜና እሑድ ሥራዬ አደረግኩት። ሰው በደስታ የሚቀበለኝ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው በር ላይ ያገኘኋት ያች የዳቦ ሰልፍ ጎረቤቴ ናት። ወረቀቱን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺም ለነሱ መሥራት ጀመርሽ?»

«ለማንም አልሠራም። እናቴን የማውልበት አጥቼ ነው።»

«እናትሽን ደብቀሽ የኛን ልታስመዘግቢ?» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

በሳምንቱ ውስጥ እኔ ሳልፍ ወሬ የሚያቆሙ ሰዎች በረከቱ። አንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ቃል ተገብቶላታል አለ። ሌላው የመሥሪያ ቤቷ ሥራ ነው አለ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላም ስላቸው አንገታቸውን ብቻ የሚነቀንቁልኝ ሴቶች ነበሩ። ተቆጣሁ፤ ግን ልፈርድባቸው አልቻልኩም። እኔው ያንን ሁሉ ብያለሁ፣ በአንዲት የማላውቃት ሴት ላይ።

ልብስ ሰፊው ዘንድ የሄድኩት ከሁሉም በኋላ ነው፤ ቁልፌን ከሰበሩ ወዲህ አፍራቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ስምዎን አልጽፍም» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ። «አንድ ሰው አለ ብዬ ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አላነበቡትም፤ በጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄን ወስደሽ ቤቱን ቢነጥቁኝስ?»

«ቤቱን አይወስዱም ብዬ ልምልልዎ አልችልም፤ እኔም አላውቅማ። የማውቀው ካልተቆጠርን የትም እንደማንገባ ነው።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «እንደዚህ ያለ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉም አይዟችሁ ነው የሚለው። አይዟችሁ የሚለኝን ሰው ነው እኔ የምፈራው።» ከዚያ ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡ። «ነይ፣ አብሬሽ እዞራለሁ። አንቺን ባያምኑ ሱሪያቸውን ስሰፋላቸው የኖርኩትን እኔን ያምኑ ይሆናል።»

እውነታቸውን ነበር። ሁለት እሑድ ክንዴን ይዘው በየጠባቡ መንገድ ዞርን። እሳቸው በር ላይ ቆመው «እኔ ነኝ፣ ክፈቱ!» ሲሉ ይከፈታል። ከየመጋረጃው ኋላ ሰው ወጣ። ከአንዱ ቤት ከሁለት ዓመት ወዲህ ፀሐይ ያላዩ እናት ወጡ፤ ከሌላው ቤት እግራቸው የማይታዘዝ፣ ዱሮ የአውቶቡስ ሾፌር የነበሩ አባት። «አርፈዋል» የተባሉት አባት ደግሞ ራሳቸው በር ከፍተው፣ «ሞቻለሁ አሉ፤ እስቲ አስነሡኝ» ብለው ሳቁ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ያች ጎረቤቴ ግን እስከ መጨረሻው አልከፈተችልንም፤ አማቷ ውስጥ እንዳሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ቅጾቹን አስረክቤ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሉኝ፣ ጣሉት ብዬ እደመድማለሁ። የዕድሩ ሰብሳቢ አዳራሹን በነፃ እንሰጣለን ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ክረምቱ አልፎ፣ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ፣ ያች ሴት ደውላ «በሳምንት ሦስት ቀን፣ ዕድራችሁ አዳራሽ ውስጥ» አለችኝ። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ወደ አንድ ጥግ ተገፍቶ ሃያ ወንበር ገባ። ነርስ መጣች። ከኛ በር እስከ አዳራሹ በእናቴ እርምጃ ስምንት ደቂቃ ነው፤ እኔ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን እናቴ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች። ነጠላዋን አልፈታም አለች። እኔ ደጅ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ፤ በየአምስት ደቂቃው ብቅ ብላ መኖሬን ታረጋግጣለች። በሦስተኛው ቀን መውጣቷን ተወች። በሁለተኛው ሳምንት ከልብስ ሰፊው ጋር በመስኮቱ ቦታ ተጣሉ። «ዓይን የሌለው ሰው መስኮት ምን ያደርግለታል?» አለች። እሳቸውም «ለነፋሱ ነው!» ብለው ጮኹ። ነርሷ ስትነግረኝ ሳቅኩ። እናቴ ከሰው ጋር የምትጣላበት ቦታ ካጣች ስንት ዓመቷ ነበር።

አሁን ሥራ እሄዳለሁ፤ በሩ አይቆለፍም። ሰፈሩ ይነሣ አይነሣ ማንም አያውቅም። አዳራሹስ እስከ መቼ? የሚያውቅ ካለ አልነገረንም። ነርሷ አንድ ቀን ስትቀር፣ ዘጉት ማለት ነው ብዬ አስባለሁ። በማግሥቱ ትመጣለች። እንደገና አስባለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ቀደም ብዬ ከሥራ ወጥቼ እናቴን ልወስዳት ሄድኩ። በሩ ላይ አገኘኋትና ክንዷን ልይዝ ስል እጄን ገፋ አደረገችው።

«ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«እማዬ፣ መንገዱ ቢጠፋሽስ?»

«ከጠፋኝ እጠይቃለሁ። ምላስ አለኝ።»

እሺ ብያት ፊት ፊቷን የሄድኩ መሰልኩ፤ የብረታ ብረት ቤቱ ማዕዘን ጋ ተሸሽጌ አሳለፍኳትና ከኋላ ተከተልኳት። ቀስ ብላ፣ ከዘራዋን ድንጋዩ ላይ እየሞከረች ትራመዳለች። መጠምዘዣው ጋ ቆመች። ግራና ቀኝ አየች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤታችን፣ ታጠፈች። ደጃፋችን ደርሳ በሩን ስትከፍት ሳትዞር፣ «ግቢ በቃ፤ ደግሞ እዚያ ቆመሽ ምን ታያለሽ?» አለችኝ።